ሳይሰሙ መሰረዝ፤ በማጭበርበር የገቡ ተማሪዎችና ቃልን የመስጠት መብት

አንድ ተማሪ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባው በሐሰተኛ የምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ሰው በስሙ ተፈትኖለት መሆኑ የታወቀ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን ከመዝገብ ሊሰርዘው ይችላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አያስቸግርም። ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል። አስቸጋሪው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም «የታወቀ እንደሆነ» ስንል ለማን ታወቀ? በምን ታወቀ? ተማሪውስ ከመሰረዙ በፊት ቃሉን ሰጥቷልን? የሚለው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ከአገራችን ውጭ ስለተፈጸሙት ነገሮች ስንናገር ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ የአገራችንን ስንጠቅስ ግን ዓ.ም. እያልን እናመለክታለን።

ነገሩ የጥቂት ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በሁለቱም ወገን ያለው ጉዳት ከባድ ነው። በአንድ በኩል፣ አንድ ሰው በማጭበርበር አንድ ቦታ በያዘ ቁጥር ሌሊት በኩራዝ ያጠና አንድ ሌላ ልጅ ያንኑ ቦታ አጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዚያ ልጅ ስም በማንኛውም ክርክር ላይ አይነሣም፤ ማን እንደነበረም አይታወቅም። ደግሞም በማጭበርበር የሕክምና ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነገ በበሽተኛ ላይ ቢላዋ የሚያነሣ ነው። በሌላ በኩል፣ ምንም ሳያጠፋ አጥፍተሃል ተብሎ የተሰረዘ ተማሪ የሚያጣው የጥናት ዓመታቱን ብቻ አይደለም፤ አባቱ በሬ ሸጦ ያስተማረው ልጅ «ሌባ» ተብሎ ወደ መንደሩ ይገባል። ይህንን ስም የሚያጥብለት ፍርድ ከሌለ ስሙ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ የተናገሩት የዋጋን ነገር አይደለም። በቅሎ ከጭብጦ እጅግ እንደምትበልጥ ማንም ያውቃል። ሰውን የሚያንገበግበው ግን የጠፋው ነገር ብዛት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ መሆኑን ሲያስረዱ ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምናመለክተው ታሪክ ከዚህ ምሳሌ ጋር የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል።

ታሪኩን ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንጀምራለን። ሪቻርድ ቤንትሊ በዘመኑ በግሪክና በላቲን ሊቅነቱ የታወቀ፣ የትሪኒቲ ኮሌጅ አለቃ የነበረ ሰው ነው። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነበርና ከኮሌጁ መምህራን ጋር ለብዙ ዓመታት በሙግት ኖሯል። በ1717 ንጉሥ ጆርጅ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲውን በጎበኙ ጊዜ፣ የነገረ መለኮት ዶክተርነት ማዕረግ ከተሰጣቸው ሰዎች ላይ ቤንትሊ ከተለመደው በላይ ገንዘብ ጠየቀ። ከነዚህም አንዱ ኮንየርስ ሚድልተን የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት በዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ችሎት ከሰሰው። ቤንትሊም መጥሪያውን ላደረሰው ሰው ችሎቱን የሚያዋርድ ቃል ተናግሯል ተባለ። በዚህ ምክንያት በ1718 ዩኒቨርሲቲው ቤንትሊን ጠርቶ ሳይጠይቀው፣ መልሱንም ሳይሰማ የትምህርት ማዕረጎቹን ሁሉ ገፈፈው።

ቤንትሊ ጉዳዩን ይዞ የእንግሊዝ ንጉሥ ችሎት ወደሚባለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት አለ። በ1723 ፍርድ ቤቱ የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ትክክል አለመሆኑን ወሰነ፤ በ1724ም ማዕረጎቹ ተመለሱለት። ከዳኞቹ መካከል ፎርቴስክዩ የሚባለው በዚያን ጊዜ የሰጠው ሐተታ እስከ ዛሬ ድረስ በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነገራል። አሳቡም እግዚአብሔር እንኳ በአዳም ላይ ከመፍረዱ በፊት ወዴት እንዳለ ጠርቶ፣ ከተከለከለውም ዛፍ በልቶ እንደሆነ ጠይቆ መልሱን እንዲሰጥ ዕድል ሰጥቶታል፤ ሔዋንንም እንዲሁ ጠይቋታል የሚል ነው።

ይህ ምሳሌ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ሁሉ የታወቀ ስለሆነ ቀላል መስሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ውስጡ ጥልቅ ነው። ሁሉን የሚያውቅ ፈጣሪ አዳምን የጠየቀው የማያውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ማስረጃም አልጎደለውም። የጠየቀው መጠየቅ ራሱ የፍርድ ክፍል ስለሆነ ነው። እንግዲያስ «ጥፋቱ ግልጽ ነው፤ ቢጠየቅስ ምን ይላል?» የሚለው ምክንያት ከሰው አፍ ሲወጣ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ አንባቢ ይፍረደው። ቤንትሊ ጥፋት አልሠራም ብሎ ፍርድ ቤቱ እንዳልመሰከረለትም መገንዘብ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲው ማዕረግ የመግፈፍ ሥልጣን ይኑረው ቢባል እንኳ፣ ሳይሰማ መግፈፍ አይችልም ነው የተባለው።

ከዚህ በኋላ ይኸው ሥርዓት በእንግሊዝ አገር «የተፈጥሮ ፍትሕ» የሚል ስም ይዞ ሰፋ። በ1863 አንድ የለንደን ከተማ ወረዳ መሥሪያ ቤት ያለ ማስታወቂያ እየተሠራ ነው ያለውን ቤት ባለቤቱን ሳይሰማ ባፈረሰ ጊዜ፣ ፍርድ ቤቱ ሕጉ «ስሙት» ብሎ ባይጽፍም የጎደለውን ፍትሕ ይሞላዋል በማለት ለባለቤቱ ፈረደለት። የአዳምም ምሳሌ በዚያው ችሎት ላይ ዳግመኛ ተነሣ። በሃያኛው መቶ ዓመት መካከል ግን ነገሩ ቀዘቀዘ። ዳኞቹ «ይህ የአስተዳደር ሥራ ነው እንጂ ዳኝነት አይደለም» እያሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያወጡ ጀመር። የብራይተን ከተማ የፖሊስ አዛዥ ሳይሰማ ከሥራው ተሰናብቶ በ1963 የጌቶች ምክር ቤት እስከፈረደለት ድረስ መብቱ ደክሞ ቆይቷል።

በዚሁ ዘመን የተማሪዎች ጉዳይ ከሴሎን፣ ዛሬ ስሪ ላንካ ከምትባለው ደሴት ተነሣ። በ1952 የመጨረሻ ፈተና የወሰደ አንድ የሴሎን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጀርመንኛ ፈተና ከሚቀርቡት ምንባቦች አንዱን አስቀድሞ አውቆታል ተብሎ ተከሰሰ። ዩኒቨርሲቲው መርማሪዎች ሰይሞ ጉዳዩን አጣራ፤ ተማሪውም ቀርቦ ተጠየቀ። ነገር ግን ዋናዋ መስካሪ፣ የትምህርት ጓደኛው የሆነች ተማሪ፣ ቃሏን የሰጠችው እሱ በሌለበት ነበር። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ፈተናዎች ሁሉ ታገደ። የሴሎን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተማሪው ፈረደለት። ዩኒቨርሲቲው ግን ለንደን ለሚገኘው የንጉሡ አማካሪዎች ችሎት ይግባኝ ብሎ በ1960 ረታ። ችሎቱ ተማሪው የተከሰሰበትን ነገር ያውቅ ነበር፣ መልሱንም ሰጥቷል፣ መስካሪዋን ልጠይቃት ብሎም አላመለከተም በማለት በቂ ነው አለ። ከዚህ ፍርድ የምንረዳው ቃልን የመስጠት መብት አንድ ወጥ መልክ እንደሌለው ነው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ ይቀርብናል። አንድ ወጣት በትልልቅ መምህራኑ ፊት ብቻውን ቆሞ ሳለ፣ መስካሪን የመጠየቅ መብት እንዳለው ማን ነግሮት ነው የሚያመለክተው?

ከሁለት ዓመት በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ተማሪዎች ያዘነበለ ፍርድ ሰጠ። በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር በ1954 ፈተና ያለፉ ሦስት ተማሪዎች፣ ውጤታቸው ከታወቀ ከወራት በኋላ በፈተናው ላይ ማጭበርበር አድርገዋል ተብሎ የክፍለ ሀገሩ የፈተና ቦርድ ውጤቱን ሰረዘባቸው፤ የ1955ንም ፈተና እንዳይወስዱ ከለከላቸው። አንድም ጥያቄ አልደረሳቸውም፤ አንድም መልስ አልሰጡም። ቦርዱ ስንሠራ የኖርነው የአስተዳደር ሥራ ነው፣ ሕጉም ስሙአቸው አይልም ሲል ተከራከረ። በ1962 ፍርድ ቤቱ ይህንን አልተቀበለም። የሰውን የወደፊት ሕይወት የሚያበላሽ ውሳኔ የሚሰጥ አካል፣ ውሳኔውም የአንድን ነገር እውነትነት በማጣራት ላይ የቆመ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይባል ምን እንደ ዳኛ መሥራት አለበት አለ። ስለዚህ ተማሪዎቹ ሳይሰሙ የተሰጠው ውሳኔ ፈረሰ።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ አገርም እንዲሁ ሆነ፤ ምንም እንኳ የነገሩ መነሻ ማጭበርበር ሳይሆን የዘር ልዩነትን መቃወም ቢሆን። በ1960 የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ጥቁር ተማሪዎች በሞንትጎመሪ ከተማ የፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ በነበረው፣ ነጮችን ብቻ በሚያስተናግድ ምግብ ቤት ገብተው ይብሉ ዘንድ ጠየቁ። የክፍለ ሀገሩ የትምህርት ቦርድም ምን እንዳጠፉ ሳይነግራቸውና ሳይሰማቸው ከተማሪዎቹ ዘጠኙን አባረረ። በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ጥፋቱን ሊነግረውና ሊሰማው ይገባል ሲል ወሰነ። ይህንን ምሳሌ ያመጣነው ለአንድ ምክንያት ነው። ሳይሰሙ የመሰረዝ ሥልጣን አጭበርባሪን ለመቅጣት ብቻ ተለይቶ አይቀመጥም። ዛሬ ለአጭበርባሪው የተሳለ ቢላዋ ነገ የተጠላውን ሰው ይቆርጣል።

እስከ አሁን የጠቀስናቸው ጉዳዮች የአንድ ወይም የጥቂት ሰዎች ነበሩ። ብዙዎች በአንድነት ሲጠረጠሩስ? ይህ ጥያቄ የተነሣው በሕንድ አገር በቢሃር ክፍለ ሀገር ነው። በ1969 በሐንስዋዲ የፈተና ጣቢያ የተፈተኑት ተማሪዎች ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ሲያልፉ፣ በሌሎች ጣቢያዎች ያለፉት በአማካይ ከመቶ ሃምሳ ነበሩ። የፈተና ቦርዱ ወረቀቶቹን አመሳክሮ ከተመለከተ በኋላ የጣቢያውን ፈተና በጠቅላላ ሰረዘ። ተማሪዎቹም ሳንሰማ ተሰረዝን ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1970 በቦርዱ ፈረደ። ምክንያቱም ቦርዱ አንተ ሌባ ነህ ብሎ አንድንም ተማሪ አልወነጀለም፤ ፈተናው ፈተና አልነበረም ብቻ ነው ያለው። ተማሪዎቹም በተጨማሪ ፈተና እንደገና እንዲቀመጡ በሩ ክፍት ነበር።

እዚህ ላይ የሚታየው ልዩነት እጅግ ጠቃሚ ነው። ፈተናን መሰረዝና ሰውን መሰረዝ አንድ አይደሉም። ፈተናው ሲሰረዝ ንጹሑም አጥፊውም እኩል ይደክማሉ፤ ሁለቱም ግን ስማቸው ሳይጎድፍ እንደገና ይወዳደራሉ። ሰው ሲሰረዝ ግን የሚወድቀው ፍርድ በስሙ ላይ ነው። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወረቀት አስቀድሞ በወጣ ጊዜ መንግሥት ፈተናውን በሙሉ ሰርዞ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌላ ፈተና ሰጥቷል። ይህ ለተማሪው ሁሉ ብርቱ ድካም ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሰው ሳይጠየቅ አጭበርባሪ አልተባለበትም።

የቢሃር ፍርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ በማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ላልተጠበቀ ነገር ጥቅም ላይ ዋለ። በዚያ ክፍለ ሀገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተናን የሚያዘጋጀው ቪያፓም በሚል አጭር ስም የታወቀ የፈተና ቦርድ ነበር። በ1913 ሳይሆን በእኛው ዘመን፣ በ2013፣ የዚህ ቦርድ ፈተና ለረጅም ጊዜ በገንዘብ ይሸጥ እንደነበር ተገለጠ። ከተንኮሉ መንገዶች አንዱ «ባቡርና ፉርጎ» የሚባለው ነበር። ጎበዝ የሆነ ሰው በገንዘብ ተገዝቶ እንደ ተፈታኝ ይገባል፤ የመቀመጫ ቁጥሮቹም ገንዘብ የከፈሉት ልጆች ከእሱ አጠገብ እንዲሆኑ ተደርገው ይደለደላሉ፤ እነሱም እሱ የሠራውን ይገለብጣሉ። ባቡሩ እሱ፣ ፉርጎዎቹ እነሱ መሆናቸው ነው።

ቦርዱ ተንኮሉ ከተገለጠ በኋላ የመቀመጫ አደላደሉንና የመልስ ወረቀቶቹን አመሳከረ። አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ትክክለኛውን መልስ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም አንድ ዓይነት አድርገው ሲሠሩ፣ ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነው ለማለት ያስቸግራል። በዚህ መንገድ ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት የገቡ 634 ተማሪዎች ተሰረዙ። አንዳንዶቹ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ተቃርበው ነበር። ተማሪዎቹ ሳንሰማና ማስረጃው ሳይሰጠን ተሰረዝን ብለው ቢከሱም የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 አልተቀበላቸውም። በ2016 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁለቱ ዳኞች መሰረዙ ሕጋዊ ነው በማለት ተስማሙ፤ በእንዲህ ያለ ሰፊ ማጭበርበር እያንዳንዱን መስማት ግዴታ አይሆንም አሉ። የተለያዩት በሚቀጥለው ነገር ነው። ዳኛ ቼላሜስዋር ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ መተዳደሪያ ያህል ብቻ እየተሰጣቸው ያለ ደመወዝ ለአምስት ዓመት በጦር ሠራዊት ሐኪምነት አገራቸውን ያገልግሉ የሚል አሳብ አቀረቡ፤ ዳኛ ሳፕሬ ግን አይሆንም አሉ። በ2017 ሦስት ዳኞች ያሉበት ችሎት፣ በማጭበርበር የተገኘ ነገር ሊጸና አይገባም በማለት የመጀመሪያውን አሳብ ሳይቀበል ቀረ።

ስለዚህ ፍርድ የእኛን አስተያየት በትሕትና እናቀርባለን። ማጭበርበር መብት አይወልድም የሚለውን የፍርዱን መሠረት ሙሉ በሙሉ እንቀበለዋለን። የተሰረቀ ዕቃ ዓመታት ስለቆየ የሌባው ሀብት አይሆንም። ለጥፋተኛው ማዘን ቦታውን ያጣውን ንጹሕ ልጅ መርሳት ነው። ነገር ግን የቢሃር ፍርድ ለማድያ ፕራዴሽ ልክ አልመሰለንም። በቢሃር የተሰረዘው ፈተናው ነው፤ በማድያ ፕራዴሽ የተሰረዙት ተለይተው የተቆጠሩ ሰዎች ናቸው። በቢሃር ተማሪው ሌላ ፈተና ይጠብቀው ነበር፤ በማድያ ፕራዴሽ ግን የሕክምና ትምህርቱና ክብሩ አብረው ተወሰዱ። ማስረጃውም ከየሰው የመልስ ወረቀት የተገኘ እንደመሆኑ መጠን ለየሰው ሊነገር የሚችል ነበር። «አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ማን ነው? መልሳችሁስ በስሕተቱ ጭምር ስለምን አንድ ሆነ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። 634 ደብዳቤ መጻፍ ለአንድ የፈተና ቦርድ የማይቻል ሥራ አይደለም።

ለዚህ የሚሰጠው ተቃውሞ ይታወቀናል። ሁሉን እንስማ ብንል ነገሩ ይጓተታል፤ በመካከሉም አጭበርባሪው ዲፕሎማውን ይዞ ይወጣል፤ ምስክሮችም ይፈራሉ ይባላል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ነገር ግን መልስ አለው። ትምህርት ቤቱ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ተማሪውን ለጊዜው ማገድና ዲፕሎማውን መያዝ ይችላል። ማገድ መሰረዝ አይደለም፤ በሩን ይዘጋል እንጂ አያፈርሰውም። መስማትም ማለት የግድ ጠበቃ፣ ችሎትና ረጅም ሙግት ማለት አይደለም። ዲፕሎማ ተሰጥቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ ነገሩ አይመሽም። በ1986 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የተሰጠ ዲግሪ የማይገባ ሆኖ ከተገኘ፣ ዩኒቨርሲቲው ባለ ዲግሪውን በሚገባ ሰምቶ ሊሰርዘው እንደሚችል ፈርዷል። እንግዲህ እውነት ጊዜ አያልፍባትምና፣ ጊዜ እንዳያልፍ ብሎ ሳይሰሙ መቸኮል አያስፈልግም።

ለእኛ ይህ ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። ተከሳሽና ከሳሽ ከዳኛ ፊት ጎን ለጎን ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ የሚሟገቱበት ልማድ፣ መንገደኛውም ሳይቀር በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ ሆኖ ሁለቱንም ይሰማ የነበረበት ዘመን የሩቅ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 1967 ዓ.ም. መጀመሪያ የቆየው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ43ኛው አንቀጽ ማንም ሰው ያለ ሕግ አግባብ ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ ደንግጎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ የሚነካውን ሰው ሰምተው እንዲወስኑ የሚያዝ ነው። ስለዚህ የጎደለን ልማዱም ሕጉም አይደለም፤ የሚያስፈልገው በየመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አራት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተማሪው የተጠረጠረበት ነገር በግልጽ ቃል ተጽፎ ይድረሰው። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬው የቆመበትን ማስረጃ ይመልከት፤ ምስክርም ካለ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይነገረው፤ ሳያመለክት ቀረ ተብሎ እንደ ሴሎኑ ተማሪ አይፈረድበት። ሦስተኛ፣ ለመልሱ በቂ ጊዜ ይሰጠው። አራተኛ፣ ውሳኔውን የሚሰጡት ሰዎች ከሳሾቹ ራሳቸው አይሁኑ፤ ምክንያታቸውንም ጽፈው ይስጡት። ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ማጭበርበሩ የተረጋገጠ እንደሆነ፣ ያለ ርኅራኄ መሰረዝ ተገቢ ነው። ያን ጊዜ የተሰረዘው ሰው እንኳ፣ ቢከፋውም፣ በፍርድ እንደሄደች በቅሎ ይቆጥረዋል።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ የእንግሊዝ ዳኛ፣ ሜጋሪ፣ ግልጽና ያለቀላቸው መስለው ከታዩ በኋላ ሲመረመሩ ሌላ ሆነው የተገኙ ጉዳዮች የሕግን መንገድ እንደሞሉት አስገንዝቦ ነበር። እኛም የምንለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በማጭበርበር የገባን መቶ ሰው ለማውጣት ሲባል አንድ ያልተጠየቀ ንጹሕ ሰው አብሮ ቢወጣ፣ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ጠርቷል ለማለት አይቻልም። በመዝገቡ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው ሐሰት የተማሪዎቹ ነበር፤ ሁለተኛው ሐሰት ግን የዩኒቨርሲቲው የራሱ ይሆናል።